ጋሼ፣ ከረሜላው የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል?

ምክር ፈልገው የጻፉልኝ የአንድ መምህር ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬ ነው የማቀርበው፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

«እህቴ፣ 56 ዓመቴ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ አስተምራለሁ። ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመት፣ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆነኝ። ግፊትም አለብኝ፣ ለሱ ኢናላፕሪልና የሽንት ኪኒን እወስዳለሁ። በሴሚስተር ቢያንስ ሦስቴ ተማሪ ይዤ ፊልድ እወጣለሁ፣ በመሀል ደሞ የማስተርስ ተማሪዎቼን ሳይት ለማየት ብቻዬን መኪና እየነዳሁ እሄዳለሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ፊልድ ላይ ዳይክሎፌናክ ከኪሴ አይጠፋም። የሽንት ኪኒኑን የመንገድ ቀን አልውጠውም፣ ውሀም አልጠጣም፣ አርባ ተማሪ የጫነ አውቶብስ በየሰዓቱ ለኔ ይቁም ማለት ያሳፍራል። ባለፈው ወር ዳገት ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ በላብ ሆንኩ፣ አንዷ ተማሪ ‹መምህር ደህና ነዎት?› ስትለኝ ቁርስ ስላልበላሁ ነው ብዬ አለፍኩ። ድሮ ስኳሬ ሊወርድ ሲል ቀድሞ ይታወቀኝ ነበር፣ አሁን ድንገት ነው የሚይዘኝ። ዲፓርትመንቱ ስለበሽታዬ አያውቅም፣ ተማሪዎቼ አያውቁም፣ ሹፌሩም አያውቅም። ባለቤቴ ‹ወይ ፊልዱን ተው ወይ እኔ ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ› ብላለች። ቢሮ ተቀምጦ ድንጋይ በስላይድ ማሳየት ለኔ ጡረታ ነው። ልተው ወይስ ልቀጥል? — ጫማው አቧራ ያልራገፈ»

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው እኔም እንደ እርስዎ ጥያቄው ልተው ወይስ ልቀጥል መሰለኝ፣ ሁለተኛ ሳነበው ግን «አያውቅም፣ አያውቁም፣ አያውቅም» የምትለዋን መስመር አየኋትና እዛች ጋ ቆምኩ። እንደኔ እንደኔ ችግሩ ፊልዱ አይደለም። ስኳርና ግፊት ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው ሞልቷል። ችግሩ አርባ ሰው ይዘው ወጥተው ከአርባው አንዱም እንኳ እርስዎ ድንገት ዝም ቢሉ ምን ማድረግ እንዳለበት የማያውቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ መልሴን አላንዛዛም፣ አይተዉ፣ ግን እንደደበቁ አንድም ፊልድ አይውጡ፣ የሚቀጥለውንም ጨምሮ።

ለምን እንዲህ ድርቅ እንዳልኩ ልንገርዎ። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር ነበሩን፣ እንደ እርስዎ ፊልድ የሚወዱ፣ ከኛ ቀድመው ዳገቱን የሚጨርሱ። አንድ ቀን ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ ካርታ ገልብጦ የያዘ ልጅ ላይ ጮኹበት፣ እሳቸው ጮኸው አያውቁም። ደነገጥን። ከዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ስለ ድንጋዩ ማስረዳት ጀመሩና አንዷን ቃል ሦስት አራት ጊዜ ደጋገሟት፣ መልሰው ተቀመጡ። እኛ በጣም ስለተናደዱ ነው ብለን ራቅ ብለን ቆመን፣ አንዳንዱም ማን ነው ያናደዳቸው እያለ እየተነታረከ፣ እንዲሁ ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። ሃያ ደቂቃ! እናቷ ስኳር ያለባት አንዲት ልጅ ናት ጠጋ ብላ አንገታቸውን ነክታ «ላብ ብቻ ናቸው፣ ስኳራቸው ወርዶ ነው፣ ጣፋጭ ያለው!» ብላ የጮኸችው። ቦርሳ ሁሉ ተከፈተ፣ ማስቲካ ተገኘ፣ ቺፕስ ተገኘ፣ ባትሪ ተገኘ፣ ስኳር የሚባል ግን የለም። በመጨረሻ ጃኬታቸውን ስታወልቅላቸው የደረት ኪሳቸው ውስጥ አንድ ሙሉ ፓኬት ከረሜላ ወጣ። እዛው እላያቸው ላይ ነበር። ደግነቱ ገና መዋጥ ይችሉ ነበር፣ ተርፈዋል። በኋላ ለምን አልነገሩንም ስንላቸው «እንዳላስጨንቃችሁ ብዬ» አሉን። እኔ እስከዛሬ የማልረሳው መውደቃቸውን ሳይሆን የዛ ከረሜላ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ዳገት እንመለስ። ሀኪም አይደለሁም፣ አባቴ ግን ከስኳር ጋር 19 ዓመት ኖሯል፣ አብሬው ክትትል የተመላለስኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የማውቀውን ያህል እላለሁ፣ የመድሀኒት መጠን ግን ከሀኪምዎ ጋር ነው። ጠዋት የተወጉት ኢንሱሊን አንዴ ከገባ ገባ ነው፣ ተመለስ አይባልም። ጡንቻ ደሞ ሲሰራ ስኳርን ከደም ራሱ ይስባል። ሁለቱ ሲደመሩ፣ እላዩ ላይ አውቶብሱ ቶሎ ይነሳል ተብሎ ቁርስ ሲዘለል፣ እጅ መንቀጥቀጡ ምን ይገርማል። «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» ያሏት እኮ ግማሹ እውነት ነው፣ ያስቀሩት ግማሽ ነው ሰው የሚገድለው። ደሞ በዛው አያበቃም፣ ቀኑን ሙሉ ዳገት የወጣ ሰው ስኳሩ ማታ ተኝቶ ሳለም ሊወርድ ይችላል፣ አንዳንዴ እስከ 24 ሰዓት ድረስ። ፊልድ ላይ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ይለካሉ? ደብዳቤው ላይ የለም፣ አይለኩም ብዬ ነው የምጠረጥረው።

ከሁሉም በላይ ያስፈራችኝ ግን «ድሮ ቀድሞ ይታወቀኝ ነበር፣ አሁን ድንገት ነው» የምትለዋ ናት። እርስዎ እንደቀላል ጣል አድርገዋት አልፈዋል። ስኳር ቶሎ ቶሎ ሲወርድ ሰውነት ይለምደዋል፣ መንቀጥቀጡና የልብ መምታቱ ይደክማል፣ ማስጠንቀቂያው ጠፍቶ በቀጥታ ወደ መዘበራረቁ ይገባል ማለት ነው። የግፊት መድሀኒት ውስጥ እንደ አቴኖሎል ያለ ከተጨመረ ደሞ የልብ ምቱን ይበልጥ ይደብቃል፣ ላቡ ነው የሚቀረው። ይሄን ለሀኪምዎ ነግረውታል? ካልነገሩ ከፊልዱ በፊት ቀጠሮ ይያዙ፣ «ወረደብኝ» ብለው ሳይሆን «ሲወርድ አይታወቀኝም» ብለው ይንገሩት፣ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። መጠኑን ለፊልድ ቀን ለብቻ ሊያስተካክልልዎ ይችላል፣ ጥሩው ዜና ደሞ ለተወሰኑ ሳምንታት ስኳር እንዳይወርድ ከተጠነቀቁ ያ የጠፋ ስሜት በብዙ ሰው ላይ ይመለሳል።

እስከዛ ዓይንዎ መለኪያው ነው። ዳገት ከመጀመርዎ በፊት ይለኩ፣ ከ90 (mg/dL) በታች ከሆነ ሳይበሉ አይውጡ። ከ70 በታች ከሆነ ቆም ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሀ፣ ወይ ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ (ዜሮ የተባለውን አይደለም፣ እሱ ምንም አይሰራም)፣ ወደ 15 ግራም የሚሆን ስኳር ማለት ነው፣ ከዛ 15 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይለካሉ፣ ካልተነሳ ይደግሙታል፣ ሲነሳ ብስኩት ዳቦ ነገር ይበላሉ። ቸኮላት ለዚህ አይሆንም፣ ስቡ ያዘገየዋል። ከ54 በታች ከሆነ ደሞ የዛን ቀን መራመድ አበቃ፣ አይከራከሩኝ። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ብርቱካን ልጠው ወይ ከረሜላ ነክተው እጅዎን ሳይታጠቡ ከለኩ መለኪያው ያለውን ሳይሆን ጣትዎ ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው የሚያነበው፣ 60 የሆነውን 140 ሊልዎ ይችላል። ውሀ ከሌለ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠርገው በሁለተኛዋ ይለኩ።

እሺ አሁን ቁጣዬን ይቀበሉኝ ጋሼ፣ ስለ ዳይክሎፌናኩ። ኢናላፕሪል፣ የሽንት ኪኒን፣ እላዩ ላይ ዳይክሎፌናክ፣ እላዩ ላይ ውሀ አለመጠጣት፣ እሱም ስኳር ባለበት ሰው። ኩላሊትዎ ምን አደረገዎት? እነዚህ ሦስት መድሀኒቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊትን ባጭር ጊዜ ሊጎዱ ይችላሉ፣ ሰውነት ውሀ ሲያጥረው ደሞ ይብሳል፣ ዳይክሎፌናክ ለብቻውም ግፊት ይጨምራል። ኢቡፕሮፌንም ያው ነው፣ ወንድማማች ናቸው፣ ስም ስለቀየረ አይሞኙ። ለጉልበትዎ ሌላ ነገር እንዲያዝልዎ ይጠይቁ፣ ፓራሲታሞል ሊሆን ይችላል፣ የሚቀባ ሊሆን ይችላል፣ ሁለት የመራመጃ ዱላም ቁልቁለት ላይ ጉልበትን እንዴት እንደሚያሳርፍ ቢያዩ ይገርምዎታል፣ ወጣቶቹም ይዘውት ይሄዳሉ እኮ፣ የሽማግሌ ነገር አይደለም።

የሽንት ኪኒኑን በራስዎ መዝለልዎንም እንዲሁ። የመንገድ ቀን ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል፣ ማታ ስደርስ ልውጠው ወይ ብለው ሀኪምዎን አንዴ መጠየቅ ነው፣ መፍትሄው የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። ውሀው ግን አይቀነስም። ውሀ ሲያንስ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወፍራል፣ ስኳሩ ሲጨምር ሽንት ይበዛል፣ ሽንቱ ሲበዛ ውሀ ያንሳል፣ እንዲህ እየዞረ ነው። አውቶብሱ በየሁለት ሰዓቱ መቆም ያለበት ደሞ ለእርስዎ ብቻ አይደለም። ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ ለማንም ሰው እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል፣ እድሜ ሲጨመር ይበልጥ። ወርዶ አምስት ደቂቃ መራመድ፣ ተቀምጠውም ተረከዝ ማንሳት ጣት ማንሳት። የጊዜ ሰሌዳው ላይ «እረፍት» ብለው ይጻፉት፣ ማን ለምን ብሎ ይጠይቃል? ከኋላ የተቀመጡት ሴት ተማሪዎች ደሞ ሲያመሰግኑዎት ይኖራሉ፣ እነሱም እንደ እርስዎ ውሀ ሳይጠጡ ነው የሚውሉት፣ እኔ ነኝ የምነግርዎት።

ኢንሱሊኑን የት እንደሚይዙት አልጻፉም። መኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ያውጡት። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ የተከፈተው ከፀሀይ ርቆ ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ አብዛኛው እስከ 28 ቀን ያህል ይቆያል (የራስዎን ወረቀቱ ላይ ይዩት፣ እንደ ዓይነቱ ይለያያል)፣ የቆመ መኪና ውስጥ ግን በግማሽ ሰዓት ምን ያህል እንደሚግል ጂኦሎጂስት አላስተምርም። ከበረዶም ይጠብቁት። እኔ ራሴ አንዴ የአባቴን ኢንሱሊን ያረፍንበት ሆቴል ፍሪጅ ውስጥ ከኋለኛው ግድግዳ አስጠግቼ አስቀምጬ ጠዋት ሳወጣው በረዶ ሆኗል፣ ቢቀልጥ ይሆናል ብዬ እጄ ውስጥ ይዤው ነበር፣ አይሆንም፣ አንዴ ከቀዘቀዘ ቢቀልጥም ይጣላል። የዛን ቀን መድሀኒት ቤት ፍለጋ የዞርነውን ዙረት አልረሳውም። ስለዚህ ሁለት ቦታ ከፍለው ይያዙ፣ አንዱ እርስዎ ጋ አንዱ ረዳትዎ ጋ፣ አውሮፕላን ከሆነ ደሞ ሁለቱም በእጅ ቦርሳ፣ ሻንጣ ክፍል አይገባም።

እግርዎን ደሞ ማታ ማታ ይዩት። ስኳር የቆየበት እግር ስሜቱ ይቀንሳል፣ እናም ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይዞ ድንጋይ ሲፈልግ የዋለ ሰው ጫማው ውስጥ የገባችውን ጠጠር ሳያውቃት ይመለሳል። ጠዋት ጫማውን ገልብጠው ያራግፉ፣ በእጅዎ ውስጡን ይዳብሱ፣ አዲስ ቡትስ ፊልድ ላይ አይጀመርም፣ ውሀ የቋጠረ ነገር ካዩ አያፍርጡት። መርገጫውን ካላዩት ስልክዎን ሴልፊ ላይ አድርገው ያንሱት። አለቀ፣ ሁለት ደቂቃ።

አሁን ወደማይወዱት ልምጣ፣ ዲፓርትመንቱ። ለምን እንደደበቁ ይገባኛል። አንዴ «ታማሚ ናቸው» ከተባለ ኮርሱ ለሌላ ይሰጣል፣ አበሉ ይቀራል፣ ስብሰባ ላይ «እሳቸውን እንኳን አናስቸግር» ተብሎ ስም ይዘለላል። አበል አልኩ፣ አይቀየሙኝ፣ እርስዎ ባይጽፉትም የብዙ መምህር ቤት በፊልድ አበል ቀዳዳው እንደሚደፈን ሁሉም ያውቃል፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ግን እዩት እስቲ በሌላ በኩል። እርስዎ ዳገት ላይ ቢወድቁ ያ ፊልድ ለሁሉም ይቀራል፣ ከዛ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ደሞ እርስዎ ሳይጠየቁ ነው የሚወሰነው። አሁን በእግርዎ ቆመው ከሄዱ ግን ምን እንደሚፈልጉ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። «ታምሜያለሁ» ብለው አይግቡ፣ ከሀኪምዎ «ፊልድ መውጣት ይችላሉ፣ እንዲህ እንዲህ ከተደረገ» የሚል ወረቀት ይዘው ይግቡ። የሚጠይቁትም ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ሁለተኛ መምህር ወይ ጂኤ (ረዳት መምህር) አብሮ ይመደብልኝ፣ ሦስቱ ፊልድ በተከታታይ ሳምንት አይሁን። ለአርባ ተማሪ አንድ መምህር ብቻ መላክ እርስዎ ጤነኛ ቢሆኑ እንኳ ትክክል አልነበረም፣ እግሩን የሰበረ ተማሪ ቢኖር ማን ሆስፒታል ይሄዳል ማን ከሌሎቹ ጋር ይቀራል? ይሄን ክርክር ይዘው ይግቡ፣ ያሸንፋሉ ብዬ አስባለሁ። ባያሸንፉም ቢያንስ ጂኤው አያጡትም፣ ጂኤ ፊልድ ጠልቶ አያውቅም።

ተዉት የምልዎ ግን አለ፣ ብቻዎን እየነዱ የሚሄዱበትን የማስተርሶቹን ጉዞ። እዚህ ላይ ከባለቤትዎ ጋር ነኝ። ሲወርድበት የማይታወቀው ሰው ስኳሩ እስኪስተካከል ሀኪሙ ይሁን ሳይለው መሪ መያዝ የለበትም፣ መንገድ ላይ ያለው ሰው ምን አጠፋ? ሀኪምዎ ከፈቀደም በኋላ ከመነሳትዎ በፊትና በየሁለት ሰዓቱ እየለኩ፣ ወርዶ ከተገኘ ደሞ ዳር ቆመው፣ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ 45 ደቂቃ ገደማ ሳይነዱ ነው፣ ጭንቅላት ከቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። እስከዛ ሹፌር ይመደብ፣ ካልተመደበ ተማሪው ሳይቱን በቪዲዮ ያሳይዎ፣ ናሙናውን ይዞልዎ ይምጣ። እንደሱ አይገባኝም እንደሚሉ አውቃለሁ፣ ድንጋይ ካልነኩት አይሆንልዎትም፣ ግን የማስተርስ ተማሪ እኮ ነው፣ እሱ ራሱ ነክቶ እንዲገባው አይደል አድቫይዘር የሆኑት?

አርባዎቹን ይዘው ሲወጡም ሁሉንም ዳገት እርስዎ መውጣት የለብዎትም። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ቦታ የእርስዎ ይሁን፣ እሱን ማንም አይተካዎትም፣ መዶሻውን መትተው «ይሄን አሽትቱት» የሚሉበት ሰዓት ነው ልጆቹን ጂኦሎጂስት የሚያደርጋቸው። ከዛ በኋላ ያሉትን ዳገቶች ጂኤው ይዟቸው ይውጣ፣ እርስዎ ታች ጥላ ስር ካርታ ዘርግተው ይጠብቁ፣ ቡድን በቡድን እየመጡ ያዩትን ያስረዱዎት፣ እርስዎ ይጠይቋቸው። እኔ ተማሪ ብሆን ከዳገቱ ይልቅ ያቺን ጥያቄ ነው የምፈራው፣ ስለዚህ በደንብ አይተው ይወርዳሉ። ማታ ደሞ ይተኙ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ሪፖርት ሲያርሙ አያምሹ፣ እንቅልፍ ማጣት ግፊቱንም ስኳሩንም ነው የሚያናጋው።

አንድ ሰው ላንሳልዎ፣ ጆርጅ ማይኖት ይባላል፣ አሜሪካዊ ሀኪምና የሀርቫርድ መምህር። ስኳር እንዳለበት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፣ ያኔ ኢንሱሊን ገና ለሰው አልተሰጠም ነበር፣ የነበረው ህክምና ምግብን እስከ ረሀብ ድረስ መቀነስ ነበር። በ1922 ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት ጀመረ፣ እሱም በ1923 ጀመረ። ከዛ ስራውን ቀጠለ፣ በደም ማነስ በሽታ ላይ በሰራው ስራ በ1934 ከሌሎች ሁለት ሀኪሞች ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ፣ የሞተውም በ1950 ነው። እሱ የሚገርመኝ መሸለሙ ሳይሆን አመጋገቡ ላይ እንደ ላቦራቶሪ ስራ ጥንቁቅ የነበረ መሆኑ ነው። እርስዎ ለድንጋይ ናሙና ቁጥር ለጥፈው፣ ቀን ጽፈው፣ የተነሳበትን ቦታ በጂፒኤስ ይዘው ነው የሚያስቀምጡት፣ የራስዎን የስኳር ቁጥር ግን የት ነው የሚጽፉት? እዛው ፊልድ ኖትቡክዎ ከኋላ አንድ ገጽ ይስጡት። ሀኪምዎ ሲያየው እንደ እርስዎ ያለ ታካሚ በሆነልኝ ይላል።

ጊዜ የማይሰጥ ነገር ደሞ አለ፣ ይሄን ለጂኤውም ያንብቡለት። ደረት ላይ ጫን የሚል ህመም፣ እረፍት ላይ ሆነው ትንፋሽ ማጠር፣ አንድ ወገን እጅና እግር መድከም ወይ አፍ መጣመም፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥና መሞቅ፣ ወይም ስኳሩ ከ300 በላይ ወጥቶ ትውከት ከተጨመረበት፣ ፊልዱ ቆሞ ቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ ነገ እናያለን የሚባል የለም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ደሞ ስኳርም ሆነ ውሀ አይጨመርም፣ በጎን አስተኝቶ ይዞ መሮጥ ነው። ግሉካጎን የሚባል መርፌ አለ፣ ለዚህ ሰዓት የሚሆን፣ ካገኙት ይያዙ፣ ጂኤው አወጋጉን ቀድሞ ይልመድ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ደውዬ እነግራቸዋለሁ ያሉት ጠልተዎት አይደለም፣ ስልክዎ ፊልድ ላይ ኔትወርክ ሲያጣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚታሰብ ያውቃሉ? የጂኤውን ስልክ ይስጧቸው፣ ለጂኤውም የሳቸውን። ማታ ለክተው ቁጥሩን ብቻ በቴክስት ይላኩላቸው፣ «128» ብቻ፣ ሰላምታም አያስፈልገውም፣ ለሳቸው ከሰላምታ ይበልጣል።

የቀረው መንገሩ ነው፣ እሱ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። ስብሰባ አይጥሩ፣ ንግግርም አያድርጉ። አውቶብሱ ከመነሳቱ በፊት ስለ ኮፍያና ስለ ውሀ ማሳሰቢያ ሲሰጡ በዛው ድምጽ ይቀጥሉ። «እኔ ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ካላበኝ፣ ከተንቀጠቀጥኩ፣ ያለ ምክንያት ከጮኽኩባችሁ ወይ ንግግሬ ከተወላገደ አትፍሩኝ፣ ከረሜላው የደረት ኪሴ ውስጥ ነው በቀኝ በኩል፣ እምቢ ብልም ስጡኝ።» እምቢ ብልም የምትለዋን አይዝለሉ፣ ስኳሩ የወረደ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይከራከራል። ከዛ አንዱ ከኋላ «ያለ ምክንያት መጮህዎን በምን እናውቃለን መምህር?» ይላል፣ ይስቃሉ፣ አውቶብሱ ይነሳል። ይኸው ነው እኮ፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ሲደበቁ የኖሩት።

ያቺን «ደህና ነዎት?» ያለችዎትን ልጅ ግን ከሁሉም በፊት ለብቻዋ ያግኟትና ምክንያቱ ቁርስ ብቻ እንዳልነበረ ይንገሯት።